ሁለት ዓሣ በባልዲ

ጥቅምት 9

ለጋሼ፣

ሰላምታዬ ከነመረቡ ሽታ ይድረስህ። እኔም ባለቤቴም ልጃችንም ደህና ነን፤ የልጅቱ ጥርስ ግን ዘግይቶብኛል፣ ጣሪያውም ማፍሰስ ጀምሯል፤ ምን ትላለህ? «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ብለህ የላክከው ደብዳቤ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ደርሶኛል። አልጠፋሁም፤ መረብ ሥር ተቀብሬ ነው። ስልክ ደውይ ያልከውን ግን ተወው። ባለፈው ልጅቱ ጡት ተወች ብልህ ቤት ተወች ብለህ ሰምተህ፣ ፀጉር ቤትህ ውስጥ የነበረ ደንበኛ ሁሉ እኔን ከባሌ ሊያስታርቅ ተነስቶ ነበር። የሠላሳ ዓመት የቶንዶስ ጩኸት ጆሮህን በልቶታል። አትቆጣ፣ እውነቴን ነው።

ሥራ እንዴት ነው ላልከኝ፣ በዝቷል። ግን ደስ የሚል መብዛት አይደለም። ድሮ አንድ አስጋሪ እንድሰፋለት በወር አንዴ ያመጣልኝ የነበረውን መረብ አሁን በሳምንት ሁለቴ ያመጣዋል። ቀዳዳው ጉቶ ወይም ድንጋይ የቀደደው አይመስልም። ክሩ በመጋዝ እንደተገዘገዘ ተንጨፍርሮ ነው የሚመጣው። ባለፈው ማክሰኞ ባለቤቴ ጥፋተኛውን ከነነፍሱ ይዞልኝ መጣ።

ምን ዓይነት ዓሣ መሰለህ! ክንድ የሚያህል፣ ጥቁር፣ ገላው እንደ ነብር የተዥጎረጎረ። በቅርፊት ፋንታ ጥሩር ለብሷል፤ ጦር ሜዳ የሚዘምት ነው የሚመስለው። ቢላዋ ሞከርኩበት፣ ቢላዋዬ ዶለዶመ። አፉ ከአገጩ ሥር ነው፣ ክብ። ባልዲ ውስጥ ስጨምረው ከባልዲው ግድግዳ ላይ ተለጠፈና ላላቅቀው ብል እምቢ አለኝ። ከውሃ አውጥተነው ግማሽ ቀን ቆየ፤ ሞተ ስንል ዓይኑን ያንከባልላል። እዚህ ሰው «ባለ ጥሩር» ብሎታል።

የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ያ በሠርጌ ቀን ጀልባቸውን ያዋሱን ግዙፉ ሰውዬ፣ ትናንት በሰው ሁሉ ፊት ማሉ። «ይህን ጉድ ከየትም አምጥቶ የጣለብን ሰው ካለ፣ ዕድሜ ልኬን ቃል አልተነፍስለትም!» አሉ። ሲምሉ አያውቁም ነበር።

አንተ ዓሣ ስታሳድግ ስንት ዓመትህ ነው። እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?

እህትህ


ጥቅምት 28

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ጆሮዬ የጻፍሽውን ለደንበኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ እኔ እስክሰማ ድረስ ሳቁ።

የልጅቱ ጥርስ ቢዘገይ አትጨነቂ፤ አንቺም እንደዚሁ ነበርሽ፤ ኋላ ግን አንዴ ከወጣልሽ የነከስሽውን አልለቅ አልሽ። ጣሪያው የሚያፈሰው ሚስማሩ ስለዛገ ነው፤ ባለቤትሽ ቆርቆሮውን ከመቀየሩ በፊት ሚስማሩን ይይ። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤቴና ሚስቱ ተለያዩ፤ ሁለቱም እኔ ጋ ነው የሚስተካከሉት፣ ስለዚህ የሁለቱንም ወገን ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

በመጨረሻ የጠየቅሽኝን ነገር ሰው ጠይቄ እነግርሻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለጋሼ፣

ስለ ጥርስ መለስክልኝ፣ ስለ ጣሪያ መለስክልኝ፣ ያልጠየቅኩህን ፍቺ ሳይቀር ጻፍክልኝ። ዓሣው ላይ ስትደርስ «ሰው ጠይቄ» ብለህ አለፍክ። አንተ ስለ ዓሣ ሰው የምትጠይቀው ከመቼ ወዲህ ነው? ሰው አይደል እንዴ አንተን የሚጠይቅህ?

አልተቀየምኩም። ግን ነገሩ ብሷል። ከጀልባ ማረፊያው በስተግራ ያለው ዳርቻ ተናደ። ለካ ባለ ጥሩሩ ዳር ዳሩን እየማሰ ነው ጎጆ የሚሠራው፤ አፈሩን ወንፊት አድርጎታል። ከላዩ ዓሣ የምታደርቀው ጎረቤቴ መደርደሪያዎቿን ደርድራ ነበር። ባሏ ሲሞት የቀራት እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ሐይቅ ገባ። እሷ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ባትዞር ኖሮ አብራ ትገባ ነበር።

ከዓሣ ቢሮ ባለሙያ መጣች፣ ወጣት ናት፣ የተዋሰችው ቦት ጫማ እግሯን ይውጠዋል። ሁላችንንም ሰብስባ እንዲህ አለችን፦ «ይህ የእናንተ ሐይቅ ልጅ አይደለም። የሩቅ አገር ወንዝ ዓሣ ነው፤ ወደዚህ የመጣው በሰው ሳሎን በኩል ነው። ሰው ለጌጥ ያሳድገዋል፣ ሲያድግበት ያዝንለታል፣ ከዚያ ውሃ ያገኘበት ይለቀዋል።» የምናሰግረው ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ የሚበላውን አረንጓዴ የውሃ ሽበት ባለ ጥሩሩ ከድንጋዩ ላይ ቀድሞ ይግጥበታል፤ እንቁላሉንም ከነአፈሩ ይመጠዋል። እሱን ደፍሮ የሚበላው ደግሞ የለም። አንዲት ትልቅ ወፍ ውጣው ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮ ሞታ አግኝተናል።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ማን ነው የለቀቀው? የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ጠርጥረዋል፤ በረንዳው ላይ የመስታወት ገንዳ ስላለው። ሰውየው «እኔ ያሉኝ አራት ቀያይ ዓሦች ናቸው፣ ቁጠሯቸው!» እያለ ይለምናል። ትናንት በጠራራ ፀሐይ መስኮቱን በድንጋይ ሰበሩበት። ሚስቱ ስታለቅስ ሰማኋት።

እስቲ አንተ የምታውቀው ነገር ካለ ለባለሙያዋ የሚረዳ ነገር ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

እታለም፣

ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ያን ሰው ይተዉት። ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ሳነብ ወንበሩ ላይ ሰው አስቀምጬ ነበር። «ከባልዲው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ» የሚለው ላይ ስደርስ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ደንበኛው «ምነው፣ ሰው ሞተብህ?» አለኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ያላልኩሽ ስለማላውቀው አይደለም፣ ስለማውቀው ነው።

ሁለት ነበሩ። ስገዛቸው ጣት አያክሉም። ሻጩ «መስታወት ይልሳሉ፣ ገንዳ ያጸዱልሃል፣ ከዚህ አያድጉም» አለኝ። እውነትም ይልሱ ነበር! ፂሙን የሚላጭ ሰው ፊቱን ሳያዞር እንዲያያቸው ገንዳውን በመስታወቱ ትይዩ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ዓመት ክንድ አከሉ። መዞር አቃታቸው፤ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደግፈው ይቆማሉ። ሻጩ መልሼ አልወስድም አለ። መግደል ደግሞ አልሆነልኝም። በቀን የሃያ ሰው አንገት ላይ ምላጭ የምስብ ሰውዬ፣ ሁለት ዓሣ መግደል አቃተኝ።

በሠርግሽ ሳምንት ስመጣ ክዳኑን ያሰርኩት ባልዲ ይዤ ነበር። ውስጡ የነበሩት እነሱ ናቸው። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ እናንተ ወንበር ስትደረድሩ፣ አሮጌው የጀልባ ማረፊያ አጠገብ ወርጄ ባልዲውን አዘነበልኩት። አንዱ ወዲያው ሄደ። ሌላው ባልዲው ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ በጣቴ ገፋሁት። ቆሜ አለቀስኩ፣ እታለም። እንደዚያ ቀን ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም። እህቴን እድራለሁ፣ እነዚህንም ነፃ አወጣለሁ አልኩ። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ዓሣ ለቅቆ ዘንዶ ማውጣት እንዳለ ግን ማንም አልነገረኝም።

እሁድ መጥቼ ለማኅበሩ እናገራለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣ እንዳትመጣ!

እግርህን እስማለሁ፣ እንዳትመጣ። ሰው የሚለውን አስቀድሜ ልንገርህ፦ «እህቲቱ መረብ ሰፊ፣ ወንድምዬው መረብ ቀዳጅ፤ ተመካክረው ነው!» ይላሉ። ማን ነው አይደለም የሚለኝ? ከዚያ ዓሣ ወዲህ እንጀራዬ የሰፋ እኔ ብቻ ነኝ። ለልጄ የገዛሁላት ጫማ ሳይቀር ከቀዳዳ የመጣ ነው። ባለቤቴ ከእነሱ ጋር በአንድ ጀልባ ነው የሚወጣው፤ ሐይቅ መሐል ሰው ዓይንህን ካላየልህ እንዴት ትሠራለህ?

ተናድጄብሃለሁ። ከዓሣው ይልቅ በባልዲው። «ለሠርግሽ አበባ ነው፣ እንዳትከፍቺው» ብለኸኝ አልነበረም? ሠርጉ አልቆ አበባው የታለ ስልህ «በመንገድ ጠወለገብኝ» አልከኝ። እኔም ሞኟ፣ ወንድሜ አበባ አምጥቶልኝ ነበር እያልኩ አምስት ዓመት አወራሁ።

የእንግዳ ማረፊያው ሰውዬ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ባለቤቴን መስታወት ግጠምለት ብዬ ልኬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ጊዜ ስጠኝ። እስከዚያ ዝም በል።

እህትህ


ታኅሣሥ 22

እታለም፣

ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ። ቤቱ የአንቺ ነው፣ ጎረቤቱም የአንቺ ነው፤ ንግግሬን ጨርሼ በአውቶቡስ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ወሬውን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ይህን ሳላስብ እሁድ እመጣለሁ ማለቴ ራሱ ጥፋት ነው። የአበባውን ነገር ደግሞ ምን ብዬ ይቅር በይኝ እንደምልሽ አላውቅም።

ሁለት ነገር ግን ልላክልሽ።

አንደኛው የማውቀው ነገር ነው። ገንዳዬ ውስጥ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ነበር። ወንዱ ሌላ ቦታ አይተኛም፤ ጭራውን ወደ ውስጥ አድርጎ ይገባና ክንፎቹን ዘርግቶ ይቀረቀራል። ገንዳ ላጥብ ቧንቧውን ሳነሳው አይወጣም፤ አብሮ ይነሳል። በሁለት እጄ እየገለበጥኩ «ውጣ እንጂ አንተ» ስለው ሰው ይስቅ ነበር። ዳርቻውን የሚቆፍረው እንዲህ ያለ ጠባብ ቤት ፈልጎ መሆን አለበት። ለባለሙያዋ ይህን ንገሪያት፤ ከማን እንደሰማሽ አትንገሪያት።

ሁለተኛው ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት ነው። አላሸግኩትም። ብታነቢው፣ ብታቃጥዪው፣ ለልጅ ልጅ ብታስቀምጪው ፈቃድሽ ነው።

«ለአስጋሪዎች ማኅበር፦ ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት ባለ ጥሩር ዓሣ ከፀጉር ቤቴ አምጥቼ አሮጌው ማረፊያ አጠገብ ሐይቅ ውስጥ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። እህቴ አታውቅም ነበር፣ ባሏም አያውቅም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ንጹሕ ሰው ነው። ሌላ የለቀቀም ሊኖር ይችላል፤ በእሱ ጥላ ግን አልደበቅም። ለዓሦቹ አዘንኩ፣ ለእናንተ ማዘን ረሳሁ። ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቴ ዝግ ነው። ሰኞዎቼን ሁሉ ውሰዱ። ቆፍር ብትሉኝ እቆፍራለሁ፣ ጎትት ብትሉኝ እጎትታለሁ፣ አትምጣ ብትሉኝም እቀራለሁ።»

ወንድምሽ


ጥር 6

ለጋሼ፣

«አቃጠልሽው ወይ?» ብለህ በሹፌሩ በኩል ማስጠየቅህ ምን አስፈለገ? ሹፌሩ ምን ሊቃጠል ነው ብሎ ደንግጦ ነው የመጣው።

አላቃጠልኩትም። ዘጠኝ ቀን በደረቴ ይዤው ዞርኩ። በአሥረኛው ለባለቤቴ ሰጠሁት። አነበበው፣ ደገመው፣ ከዚያ ራሱን ያዘና «ያን ባልዲ እኮ ከአውቶቡሱ ያወረድኩት እኔ ነኝ! ከብዶኝ አበባ እንዲህ ይከብዳል ወይ ብዬ ነበር!» አለ። ሳቅንም፣ አለቀስንም። በመጨረሻ «እኔ ልናገር ወይስ አንቺ?» አለኝ። እኔ አልኩት።

ስብሰባው ዓሣ መረከቢያው አዳራሽ ነበር። ሰው ፊት ተናግሬ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ተነሳሁ፣ «ከወንድሜ የተላከ ደብዳቤ ነው» አልኩና አነበብኩት። ድምፄ፣ ይገርምሃል፣ አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ ያንኑ የፈራሁትን ነገር አለው፦ «ይኸው! አንዱ ይቀድዳል፣ አንዷ ትሰፋለች!»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ባለ ጥሩር የቀደደውን ሁሉ በነፃ እጠግናለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ ያቺ ዓሣ የምታደርቀው ጎረቤቴ ተነሳች። «መደርደሪያዬ የተናደብኝ እኔ ነኝ» አለች። «ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ልናገር። በዚህ አዳራሽ ስንት ጥፋት ተነጋግረናል። እኔ ነኝ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በእጁ ጽፎ የላከ ሰው ስም ጥሩልኝ እስቲ። አንድ ጥሩልኝ!» የእንግዳ ማረፊያውን መስኮት የሰበረው ሰው ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ፤ በበሩ ስንጥቅ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሲያቀና አየሁት።

ሊቀመንበሩ ተነሱና «ምያለሁ» አሉ። «መሐላዬን አላፈርስም፤ አላናግረውም።» ከዚያ ቀጠሉ፦ «ሰኞ ግን ይምጣ። አካፋ እኛ ጋ አለ።»

የቧንቧውን ነገር ደግሞ እኔና ባለሙያዋ ሞክረነዋል። የወዳደቀ ቧንቧ ሰብስቤ ክንድ ክንድ አድርጌ አስቆረጥኩት፤ አንዱን ጫፍ በአሮጌ መረብ ሰፋሁበት፣ ሃያውን በአንድ ገመድ አሰርኳቸው፣ ልክ መረቡን የሚያሰምጠውን እርሳስ እንደምናስረው። በተናደው ዳርቻ ሥር አስቀምጠን በሳምንቱ ጎተትነው። ጋሼ፣ ከሃያው አሥራ ሦስቱ ተከራይ ነበራቸው! ሦስቱ ውስጥ አባትየው እንቁላሉን ታቅፎ ተቀምጧል። ባለሙያዋ በዚያ ሰፊ ቦት ጫማዋ ስትዘል ጭቃ ውስጥ ልትወድቅ ነበር።

ተናድጄብሃለሁ ያልኩህ ገና አልወጣልኝም። ግን ያን ወረቀት ሳነብ ከአንተ መወለድ አማረኝ። እህት መሆን አነሰኝ።

እህትህ


የካቲት 14

ለእታለም፣

ሰኞዎቹ እንዴት ናቸው ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ እዚያው ሆነሽ እያየሽኝ! እሺ፣ የውስጤን ከሆነ ልንገርሽ። ወገቤ ተቆርጧል፣ እጄ ተላልጧል፣ አንድ ደንበኛዬ «ይህ የፀጉር አስተካካይ እጅ ነው ወይስ የግንበኛ?» ብሎኛል። ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሞ ለሌላ ሰው «ለሰውዬው ንገረው፣ ገመዱን ያጥብቀው» ይላል። ያ ሌላው ሰው ወደ እኔ ዞሮ «ገመዱን አጥብቀው» ይለኛል። እኔም «አጥብቄዋለሁ በለው» እላለሁ። እንዲህ ስንነጋገር አምስት ሳምንት ሆነን። ፍርዱ ትክክል ነው፣ አልተማረርኩም። ሰው ቃሉን ሲጠብቅ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

አንቺን ግን ሳይሽ ዋልኩ። እኔ ስለ ቧንቧው ለዓመታት ሳቅኩበት እንጂ አንድ ነገር አላሰብኩበትም። አንቺ አንድ አንቀጽ አንብበሽ መሣሪያ አደረግሽው። እነዚያ ትላልቅ ሰዎች «ቋጠሮውን አሳዪኝ» እያሉ ዙሪያሽን ሲቀመጡ፣ እናታችን ብታይ ብዬ ጭቃ የምጠርግ መስዬ ፊቴን ጠረግኩ።

እዚህ ደግሞ የሆነውን ስሚ። መስታወቴ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ዓሣ ሰልችቶሃል? አድጎብሃል? ወንዝም ሐይቅም አትልቀቀው፤ ወደ እኔ አምጣው።» ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔም ምላጬን እየሳልኩ ታሪኬን እነግረዋለሁ፤ ፊቱ ላይ አረፋ ያለ ሰው የት ይሄዳል? ታዲያ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እኔ ስናገር እነሱም ይናገሩ ጀመር። ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ሰው ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «እኔም እኮ ቀያዮቹን ወንዙ ውስጥ ለቅቄያለሁ» አሉኝ። አንዲት መምህርት የገንዳውን ውሃ ከነተክሉ ከነቀንድ አውጣው ቦይ ውስጥ ደፍታለች። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፣ ይገርምሻል፣ እንደኔው አንድ ባለ ጥሩር፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የእናንተው ሐይቅ ውስጥ! ለሽርሽር መጥቶ። እኔ ነኝ የጀመርኩት ወይስ እሱ፣ ማን ያውቃል? እሱንም በሚቀጥለው ሰኞ ይዤው እመጣለሁ፤ ቦት ጫማ ገዝቷል።

አሁን ፀጉር ቤቴ ውስጥ አንድ ወንበር ቀርቶ ሌላው ቦታ ሁሉ ገንዳ ነው። የተረከብኳቸውን ለክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል፣ ለሁለት ትምህርት ቤቶች ሰጠሁ። ቦታ ላልተገኘለት ደግሞ ባለሙያዋ ሳያምመው እንዴት እንደሚሞት አስተማረችኝ። ያኔ የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ከባድ ነው፣ ግን ሐይቅ ሙሉ ሕይወት ከማበላሸት ይቀላል። ሻጩም ጋ ሄጃለሁ። ተጣላን። በኋላ ተስማማን፤ ከእያንዳንዱ ገንዳ በላይ ዓሣው አድጎ የሚደርስበትን ቁመት የሚያህል ገመድ ሰቅሏል። አንዲት እናት ገመዱን አይታ ልጇን ጎትታ ወጣች። ሻጩ ገበያዬን ዘጋህብኝ ብሎ ሲያማርረኝ ይውላል፣ ገመዱን ግን አላወረደውም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 25

ለጋሼ፣

«ያልቁ ይሆን?» ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ባለሙያዋን ጠየቅኳት። አልዋሸችኝም። «አያልቁም» አለች። «እንዲህ ሰፊ ውሃ ውስጥ አንዴ የገባ አይወጣም። ማሳነስ እንችላለን፤ ካቆምን ግን ይመለሳሉ።» ግን አስጋሪዎቹ ሰምተው አንድም ሰው ገመዱን አልጣለም፤ ሐሙስም አዲስ ሠላሳ ቧንቧ አወረዱ። የተያዘው ተፈጭቶ ለዶሮ መኖ ይሆናል። ትናንት ደግሞ ባለቤቴ በጀልባ ወሰደኝና በአሮጌው ማረፊያ በኩል ውሃው ውስጥ አሳየኝ፤ ቆሮሶ ጎጆውን አፈሩ ላይ ክብ ክብ አድርጎ ሠርቷል። አምስት ቆጠርኩ። አምና አንድም አልነበረም። ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ለአንተ ልጻፍ ብዬ ነው።

ሌላ ነገር አለ፤ ስደብቅህ የቆየሁት ስላፈርኩ ነው። ከዚህ የሦስት ቀን መንገድ ባለ ሌላ ሐይቅም ባለ ጥሩር ገብቷል። የዚያ ማኅበር ሰዎች የቧንቧውን ነገር የምታስተምር ሴት ላኩልን ብለዋል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ አሉ! ሦስት ሳምንት። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ባለሙያዋ «የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ» ትላለች፤ የማውቀውን ስናገር ደግሞ የአንተን ነገር መዝለል አልችልም። ትቀየመኛለህ?

ልጅቱን ለአባቷና ለአንተ ትቻታለሁ። ፀጉር ቤቱን ዘግተህ መጥተህ ሰንብትልኝ። መቀስህንም ያዝ፤ እዚህ ያለው ሁሉ ፀጉሩ ትከሻው ደርሷል።

እህትህ


ግንቦት 6

ለእታለም፣

ይህን የምጽፍልሽ የአንቺው ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጅሽ ከእግሬ ሥር በመረብሽ ማንሳፈፊያ ቡሾች ትጫወታለች፤ ደህና ናት፣ ጥርሷም ወጥቷል፣ መጀመሪያ የነከሰችውም እኔን ነው።

አልቀየምሽም ብዬ የጻፍኩት ከመነሳትሽ በፊት ስላልደረሰሽ እዚህ እደግመዋለሁ። አልቀየምም። ታሪኬን ካንቺ አፍ የተሻለ ማን ይናገረዋል?

እንዴት ሆነ ብለሽ በሹፌሩ የላክሽውን ጥያቄ ለመመለስ፣ ከሰኞ ልጀምር። ገመድ ጎትተን ስንጨርስ የዓሣ ሣጥን ገልብጬ ወንበር አደረግሁና አስጋሪዎቹን ማስተካከል ያዝኩ። ሰባተኛው ሰው ሲነሳ ሊቀመንበሩ መጣና ተቀመጠ። እንደ መሐላው በጣቱ ብቻ ፂሙን አሳየኝ። ፎጣ አሰርኩለት፣ አረፋ ቀባሁት። ምላጩን ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ እጄን ያዘ።

«ትናንት የዚያኛው ሐይቅ ሊቀመንበር ደወለልኝ» አለ። ለእኔ ነው የተናገረው፣ በቀጥታ ለእኔ! ዙሪያዬን አየሁ፤ በመካከላችን መልእክት የሚያቀብል ሰው የለም። «የላካችኋት ሴትዮ ተነስታ መጀመሪያ ምን አለች መሰለህ አለኝ። ‹ዓሣውን ሐይቅ ውስጥ የለቀቀው ወንድሜ ነው፤ የሚያዝበትን መንገድ የነገረኝም ወንድሜ ነው፤ በሁለቱም ወንድሜ ነው› አለች አሉ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ተነስቶ እኔም ለቅቄያለሁ፣ እኔም ለቅቄያለሁ አለ፤ ስብሰባው እስኪመሽ አልተበተነም አለኝ።»

ምላጩን ይዤ ቆምኩ።

«እህትህን ማን ነው ያሳደጋት?» አለኝ።

«እናታችን ስታርፍ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

ጀልባዎቹ እርስ በእርስ ሲነካኩ ይሰማል፤ ለእኔ እንኳ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ቀጥል» አለ፤ አገጩን ቀና አድርጎም አንገቱን ሰጠኝ።

ወንድምሽ